ለሚመላለስ የአፍ ቁስለት የትኛው ይሻላል? የሚለጠፈው ቅባት፣ ማደንዘዣው ወይስ መጉመጥመጫው

ትንሽ ነገር ናት። ከምስር ፍሬ ብዙም አትበልጥም። ግን ምላስ ሥር ወይም የታችኛው ከንፈር ውስጥ ስትወጣ ቀኑን ሙሉ ታበላሻለች። አልጫ እንኳን ያቃጥላል። ቡና ሳይቀዘቅዝ አይቀመስም። «ሰ» እና «ጸ» ያለበትን ቃል ለመናገር ሰው ይጠነቀቃል። ሌሊት ጥርስ ሲነካት ከእንቅልፍ ታባንናለች።

እኔን ይህ ቁስለት ከሁለተኛ ደረጃ ተማሪነቴ ጀምሮ ሲመላለስብኝ ኖሯል። አንዱ ዳነልኝ ስል ሌላው በወዲያኛው ጉንጭ ብቅ ይላል። በእነዚህ ዓመታት ጨው ነስንሼበታለሁ፣ ሎሚ ጨምቄበታለሁ፣ የተሰጠኝን ሁሉ ቀብቻለሁ። አብዛኛው ገንዘቤ የሄደው ለማይሆን ነገር ነው። እናንተ ያንን ሁሉ መንገድ እንዳትሄዱ ብዬ ነው ይህን የምጽፈው።

ፋርማሲ ገብተን «ለአፍ ቁስለት የሚሆን ስጡኝ» ስንል በውስጡ ሦስት ጥያቄ አለ። ሕመሙ አሁኑኑ ይቀንስልኝ ማለት አንድ ነገር ነው። ቁስለቱ ቶሎ ይዳንልኝ ማለት ሌላ ነው። ደግሞ እንዳይመጣብኝ ማለት ከሁለቱም ይለያል። ሦስቱንም የሚመልስ አንድ ቱቦ የለም። ማደንዘዣው ለመጀመሪያው ነው። የሚለጠፈው ቅባት ለሁለተኛው ነው። ለሦስተኛው መልሱ ብዙ ጊዜ ቅባት ውስጥ ሳይሆን ደማችን ውስጥ፣ ማዕዳችን ላይ ወይም የጥርስ ሳሙናችን ውስጥ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው አንዱን ገዝቶ የሌላውን ሥራ ሲጠብቅበት ነው።

ከመግዛት በፊት፣ መስታወት ፊት

መጀመሪያ ያላችሁ ነገር ምን እንደሆነ እዩ። ይህን መዝለል ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ጉዳትም ያስከትላል።

የምንነጋገርበት ቁስለት በሕክምና አፍተስ ይባላል። ክብ ወይም ሞላላ ነው። መሐሉ ነጣ ወይም ቢጫ ያለ፣ ዙሪያው ደግሞ ቀይ ቀለበት ነው። የሚወጣው አፍ ውስጥ በለስላሳው ቦታ ላይ ነው፤ በከንፈር ውስጠኛው በኩል፣ በጉንጭ፣ በምላስ ጎንና ሥር፣ ከላንቃ በስተኋላ። አይተላለፍም። ከሰው የያዛችሁት አይደለም፣ በመሳምም ለሌላ አትሰጡትም። ከ5 ሰው አንዱን ያህል በሕይወቱ ውስጥ ያገኘዋል።

በብዛት የሚታየው ትንሹ ዓይነት ነው። ስፋቱ ከ1 ሴንቲ ሜትር በታች ነው። ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ያለ ጠባሳ ይድናል። ትልቁ ዓይነት ከ1 ሴንቲ ሜትር ይበልጣል፣ ይጠልቃል፣ ሳምንታት ይቆያል፣ ጠባሳም ሊተው ይችላል። ሦስተኛው የመርፌ ጫፍ የሚያካክሉ ብዙ ቁስሎች በአንዴ የሚወጡበት ነው። ከታች የማወራው በዋናነት ስለ ትንሹ ነው። ትልቁ ካለባችሁ ይህን አንብባችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ።

አሁን ምችን እናንሳ። ፀሐይ ወይም ትኩሳት ተከትሎ ከንፈር ላይ ከውጭ በኩል ውሃ የቋጠሩ ትናንሽ እብጠቶች ሲወጡ «ምች መታኝ» እንላለን፣ ዳማ ከሴም እናሻለን። ያ ብዙውን ጊዜ ኸርፒስ የሚባለው ቫይረስ ነው። ከአፍ ቁስለት ጋር የሚያመሳስለው ሕመሙ ብቻ ነው። ልዩነቱን መለየት ግድ የሚለው ለዚህ ነው፤ የሚለጠፈው ቅባት ውስጥ ያለው ስቴሮይድ የሰውነትን መከላከያ በዚያ ቦታ ላይ ያዳክማል። ቫይረስ ያለበት ላይ ከተቀባ ለቫይረሱ በር መክፈት ነው። ውሃ ቋጥሮ ከጀመረ፣ ከንፈር ላይ ከውጭ ከሆነ፣ ወይም ድድና ጠንካራው ላንቃ ላይ ተሰብስቦ ከወጣ ያንን ቅባት አትንኩት።

ሌላው የአፍ ፈንገስ ነው። እርጎ የመሰለ ነጭ ነገር ነው፤ በጨርቅ ሲጠረግ ይነሳል፣ ሥሩ ቀይ ሆኖ ይቀራል። እሱም ስቴሮይድ አይወድም፣ የራሱ መድኃኒት አለው። ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ብቻ የሚወጣ ቁስለት ካላችሁ ደግሞ አጠገቡ ያለውን ጥርስ በጣታችሁ ዳስሱት። የተሰበረ ጥርስ ወይም የሚፋቅ ሰው ሠራሽ ጥርስ ሊሆን ይችላል። ያንን ምንም ቅባት አያድነውም፤ የጥርስ ሐኪም ስል ጫፉን ሲያለዝበው ይድናል።

የሚለጠፈው ቅባት

ሙሉ ስሙ ትሪያምሲኖሎን አሴቶናይድ 0.1 በመቶ ዴንታል ፔስት ነው። ለብዙ ዓመታት ኬናሎግ ኢን ኦራቤዝ በሚል ስም ሲሸጥ ኖሯል። አሜሪካ ውስጥ ኦራሎን የሚል ስም ያለውም አለ። ስሙ ቢለያይም ውስጡ ሁለት ነገር ነው፤ መድኃኒቱና ማጣበቂያው።

መድኃኒቱ ስቴሮይድ ነው። አፍተስ ጀርም የፈጠረው ቁስል አይደለም። የራሳችን የመከላከያ ሴሎች የአፋችንን ሽፋን ሲያጠቁ የሚፈጠር ነው። ስቴሮይዱ ያንን ጥቃት ያበርደዋል። ጀርም አይገድልም፣ ቦታውንም አያደነዝዝም። ስለዚህ ቀብታችሁ በ5 ደቂቃ ሕመሙ ካልጠፋ ተታለልኩ አትበሉ። ሥራው በቀናት የሚታይ ነው። በጊዜ ከተጀመረ ቁስለቱ ሳይሰፋ ይቆማል፣ የሕመሙ ቀናትም ያጥራሉ።

ማጣበቂያው እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ክፍል ነው። ጄላቲን፣ ፔክቲንና ካርቦክሲሜቲል ሴሉሎስ የሚባሉ ነገሮች በቅባት ውስጥ ተበትነው ነው የተሠራው። ፔክቲን ማርማላታን የሚያረጋው ያው ነገር ነው። እነዚህ እርጥበት ሲነካቸው ይጣበቁና ስስ ሽፋን ይሆናሉ። ምራቅ ቶሎ በሚያጥብበት አፍ ውስጥ መድኃኒቱን ይዞ የሚያቆየው ይህ ሽፋን ነው። ሽፋኑ ራሱም በርበሬውንና ጥርሱን ከቁስሉ ይከላከላል።

እዚህ ላይ አንድ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። ከዓመታት በፊት የመድኃኒቱን ስም ወረቀት ላይ ጽፌ አንድ መድኃኒት ቤት ሄድኩ። ትሪያምሲኖሎን 0.1 በመቶ የሚል ቱቦ ተሰጠኝ። ስሙም ቁጥሩም ልክ ነው። ሁለት ቀን አፌ ውስጥ ቀባሁት። አይጣበቅም፣ ይመራል፣ ተንሸራቶ ወደ ጉሮሮ ይወርዳል። ማሸጊያውን እንደገና ሳነበው «ለቆዳ ብቻ» ይላል። ስሙና መጠኑ አንድ ሆኖ ለቆዳ የተሠራ ክሬም አለ ማለት ነው። ስለዚህ ቁጥሩን ብቻ አትመልከቱ። «ዴንታል ፔስት» ወይም «ለአፍ» የሚል ቃል ማሸጊያው ላይ ከሌለ መልሱት።

ሁለተኛው ስህተቴ አቀባቡ ነበር። እንደ ከንፈር ቅባት አሽቼ ነበር የምቀባው። ሲታሽ እንደ አሸዋ ይንኮሻኮሽና ተፈርፍሮ ይወድቃል። ይህን ቅባት አይቀቡትም፣ ይለጥፉታል። እኔ አሁን እንዲህ ነው የማደርገው።

ምግብ ከበላሁና ጥርሴን ካጸዳሁ በኋላ እጄን እታጠባለሁ። ከንፈሬን ገልጬ ቁስለቱን በንጹሕ ጥጥ ወይም በጎዝ ቀስ አድርጌ አደርቀዋለሁ። መፋቅ አይደለም፣ ነካ ነካ ማድረግ ነው። ይህ ካልተደረገ ቅባቱ የሚጣበቀው ምራቁ ላይ እንጂ ቁስሉ ላይ አይደለም። ከዚያ ከቱቦው ግማሽ ሴንቲ ሜትር የምታህል በጆሮ መጥረጊያ ጥጥ ጫፍ ላይ አወጣለሁ። ቁስሉ ላይ አድርጌ እጫነዋለሁ፣ ስስ ለስላሳ ሽፋን እስኪሆን ድረስ። አላሽም። ከንፈሬን ጥቂት ሰከንድ ከፍቼ እይዛለሁ፣ ከዚያ ለግማሽ ሰዓት ያህል አልበላም፣ አልጠጣም።

ዋናው ሰዓት ማታ ከመተኛት በፊት ነው። ሌሊት ምራቅ ይቀንሳል፣ አንበላም፣ አናወራም፤ መድኃኒቱ ለሰዓታት ይቆያል። በቀን አንዴ ብቻ የምትቀቡ ከሆነ ማታን ምረጡ። ሕመሙ ከበረታ ከምግብ በኋላ እየጨመሩ በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ ማድረስ ይቻላል።

ጊዜው ከሁሉ ይበልጣል። ብዙዎቻችን ቁስለቱ ሳይከፈት ከአንድ ሁለት ቀን በፊት ቦታው ሲነዝር ወይም ሲያቃጥል ይሰማናል። ቅባቱ መጀመር ያለበት ያኔ ነው። ስድስተኛው ቀን ላይ ሮጦ ገዝቶ የሚቀባ ሰው በራሱ ሊድን የደረሰውን ቁስል ነው የሚቀባው።

ድክመቱስ? አንደኛ፣ ቁስለቱ እንዳይመለስ አያደርግም። በየወሩ የሚመጣባችሁ ከሆነ በየወሩ ትቀቡታላችሁ። ሁለተኛ፣ ጉሮሮ አጠገብ ወይም ብዙ ቦታ ከወጣ ለማድረስ ያስቸግራል። ሦስተኛ፣ ለረጅም ጊዜ በተከታታይ ሲቀቡት የአፍ ፈንገስ ሊያመጣ ይችላል። በ7 ቀን ውስጥ ግልጽ መሻሻል ካላመጣ አቁማችሁ መታየት አለባችሁ። የስኳር ሕመም ያለባችሁ፣ ነፍሰ ጡሮችና የምታጠቡ እናቶች ሐኪም ወይም ፋርማሲስት ሳታማክሩ አትጀምሩ። ለልጅም እንዲሁ።

ማግኘቱ እንደ አገሩ ይለያያል። አሜሪካ ያላችሁ ያለ ሐኪም ትዕዛዝ አታገኙትም፤ የጥርስ ሐኪም ግን ሊጽፍላችሁ ይችላል፣ የግድ ሌላ ስፔሻሊስት ፍለጋ መዞር የለባችሁም። ጀርመን ያላችሁ ቮሎን ኤ ሃፍትሳልቤ በሚለው ስም ጠይቁ፣ እሱም በትዕዛዝ ነው። እንግሊዝ ውስጥ በእሱ ፈንታ የሚታወቀው ሃይድሮኮርቲሶን 2.5 ሚሊ ግራም የምትባል ትንሽ ክኒን ናት። አትዋጥም። ቁስሉ አጠገብ ተቀምጣ ቀስ ብላ ትሟሟለች፣ በቀን 4 ጊዜ። ከፋርማሲስት ጋር ተነጋግሮ መግዛት ይቻላል፣ ከ12 ዓመት በላይ ለሆኑ። አቀማመጧ ከቅባቱ ይቀላል፣ በተለይ ጣታቸው ለሚንቀጠቀጥ አረጋውያን።

አገር ቤት አንዳንዴ አለ፣ አንዳንዴ የለም። ሲጠፋ ብዙ ሰው ከውጭ ያስልካል። በሰው እጅ የመጣ ቱቦ ካላችሁ ማብቂያ ቀኑን እዩ። ከአንድ ሰው አፍ ወደ ሌላ ሰው አፍ የሚዞር ቱቦም አይሁን።

አምሌክሳኖክስ የሚባል ስቴሮይድ ያልሆነ 5 በመቶ ፔስትም ነበር። ለዚሁ ቁስለት ተብሎ አሜሪካ ውስጥ በ1996 ተፈቅዶ ነበር፣ በኋላ ከገበያ ወጥቷል። ስሙን አንብባችሁ ፍለጋ እንዳትደክሙ ብዬ ነው።

ማደንዘዣ ጄሎች

ሊዶኬይን ወይም ቤንዞኬይን ያለባቸው ናቸው። ሥራቸው አንድ ነው፤ ቦታውን ለጥቂት ጊዜ ያደነዝዛሉ። ቁስሉን አያድኑም። ይህን ካወቅን ጥሩ መሣሪያ ናቸው። ከምግብ ጥቂት ደቂቃ በፊት ትንሽ ነካ ማድረግ ነው፣ ሳይቃጠሉ ይበላል። ያ ቀላል ነገር አይደለም፤ ሕመሙን ፈርቶ ሁለት ቀን ያልበላ ሰው አይቻለሁ።

ጥንቃቄ ግን አለው። ብዙ ከተቀባ ምላስም ጉሮሮም ይደነዝዛል፤ ሳያውቁት ምላስን መንከስ ወይም ትን ማለት ይመጣል። ሕፃናትን በተመለከተ ደግሞ አጥብቄ እናገራለሁ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2018 ቤንዞኬይን ያለበትን የአፍ መድኃኒት ከ2 ዓመት በታች ላሉ ልጆች እንዳይሰጥ አስጠንቅቋል። ደም ኦክስጅን የመሸከም አቅሙን እንዲያጣ ሊያደርግ ስለሚችል ነው። ጥርስ ሲያወጣ ላለቀሰ ሕፃን «ለእኔ ሠርቶልኛል» ብሎ መቀባት በጣም አደገኛ ነው።

ሳሊሲሌት ያለባቸው ጄሎችም አሉ፣ ቦንጄላ የሚለው ስም ይታወቃል። የአዋቂው ዓይነት የአስፕሪን ዘመድ ነው። እንግሊዝ ከ2009 ጀምሮ ከ16 ዓመት በታች ላሉ እንዳይሰጥ አግዳለች፣ ሬይ ሲንድረም ከሚባለው ከባድ በሽታ ጋር በተያያዘ ስጋት። ከውጭ በስጦታ የመጣ ቱቦ ቤታችሁ ካለ የትኛው ዓይነት እንደሆነ አንብቡት።

መጉመጥመጫዎች

ቁስሉ ብዙ ሲሆን ወይም ጣት የማይደርስበት ሲሆን ከቅባት ይልቅ መጉመጥመጫ ይመረጣል። በአንዴ ሁሉንም ይነካል።

ቀላሉ ጨው ነው። ለብ ባለ አንድ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። ማጽዳትና ማረጋጋት ይችላል፣ ርካሽ ነው፣ አይጎዳም። ግን ጨውን ደረቁን ቁስል ላይ መነስነስ ሌላ ነገር ነው። ያ ሕመም ነው፣ መድኃኒት አይደለም። «ካላቃጠለ አይሠራም» የሚለው አባባል እኔንም አሳስቶኛል።

ክሎርሄክሲዲን 0.2 በመቶ በቀን 2 ጊዜ ለ1 ደቂቃ የሚጉመጠመጡት ነው። ጀርም ይቀንሳል፣ ቁስሉ ላይ ሌላ ኢንፌክሽን እንዳይደረብ ያግዛል። ጥርስ መፋቅ በሚያምባቸው ቀናት አፍን ንጹሕ ለማድረግ እመርጠዋለሁ። ሁለት ነገር እወቁ። ከጥርስ ሳሙና ጋር አይስማማም፣ በመካከላቸው 30 ደቂቃ ያህል ይኑር። ደግሞ ሲቆይ ጥርስን ቡናማ ያደርጋል። ቡናና ሻይ ለምንወድ ሰዎች ይህ ይብሳል። ቀለሙ በጥርስ ሐኪም ይጸዳል፣ ግን ወራት መጠቀም አያስፈልግም።

ቤንዚዳሚን ያለው መጉመጥመጫ ወይም ስፕሬይ ሕመም ያስታግሳል፣ ብግነትም በትንሹ ይቀንሳል። ሲጀምር ሊያቃጥል ይችላል፤ ያኔ በእኩል ውሃ ማቅጠን ነው። መጉመጥመጫው ለ12 ዓመትና ከዚያ በታች ላሉ ልጆች አይመከርም።

ከሁሉ የሚበረታው ስቴሮይድ ያለበት መጉመጥመጫ ነው፣ ለምሳሌ ዴክሳሜታሶን። በሐኪም ትዕዛዝ ብቻ ነው። ብዙ ቁስል በተደጋጋሚ ለሚወጣባቸው ከቅባቱ ይሻላል። ተጉመጥምጦ ይተፋል፣ አይዋጥም። ይህ «ይተፋል» የሚለው ቃል ዋናው ነገሩ ነው።

ቤት ውስጥ ያለው

ማር ላይ ቀና አመለካከት አለኝ። ሳዑዲ ዓረቢያ ውስጥ ተሠርቶ በ2014 በታተመ ጥናት ማር ከዚሁ ስቴሮይድ ቅባት ጋር ተወዳድሮ ሕመምን በመቀነስ ጥሩ ውጤት አሳይቷል። አንድ ጥናት ነው፣ ከዚያ በላይ አላጋንነውም። ቅባቱ በጠፋበት ቦታ ግን ንጹሕ ማር በቀን ጥቂት ጊዜ ቁስሉ ላይ ማድረግ የሚያስኬድ አማራጭ ነው። ስኳር ነውና ጥርስን ማጽዳት አይረሳ። 1 ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር በምንም መልኩ አይሰጥም።

አስፕሪን ቁስል ላይ ማስቀመጥ የሚመክር ሰው ካጋጠማችሁ አትስሙ። አሲድ ነው፣ ሥጋውን ያቃጥላል፣ ትንሹን ቁስል ትልቅ ያደርጋል። ሎሚም ያው ነው። ወይን ጠጁ ጂቪ ደግሞ ለፈንገስ ነው የታወቀው፤ ለዚህ ቁስለት አልተሠራም፣ እንዲያውም የአፍን ሽፋን ሊያስቆጣ ይችላል። የቴትራሳይክሊን እንክብል ፈልቅቆ ዱቄቱን መበተንም አይቶ እንዳላየ መታለፍ የለበትም። አንቲባዮቲክ ነው፣ በሐኪም እጅ ይሁን፤ ከ8 ዓመት በታች ላለ ልጅ ደግሞ የሚያድጉትን ጥርሶች ቀለም ያበላሻል።

ለምን ይመላለሳል?

ይህን ክፍል ብታልፉት ቅር ይለኛል። እኔን ያሳረፈኝ ቅባቱ ሳይሆን ይህ ነው።

ደጋግሞ የሚወጣበት ሰው የብረት፣ የፎሌትና የቫይታሚን ቢ12 መጠኑን ቢያስመረምር ተገቢ ነው። ቀላል የደም ምርመራ ነው። ቢ12 የሚገኘው ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከእንቁላልና ከዓሣ ነው። ዐቢይ ጾም ብቻ 55 ቀን ነው። ጉበት ቢ12ን ለዓመታት ስለሚያከማች ጾሙ ብቻውን አያጎድልም። ነገር ግን ጾሙን አጥብቆ የሚጾም፣ በፍስክም ኑሮ ሆኖበት ሥጋና ወተት የማያገኝ ሰው ቀስ በቀስ ሊጎድልበት ይችላል። ብረት ደግሞ ምግብ እንደተበላ ቡና ወይም ሻይ ሲጠጣ ወደ ሰውነት የሚገባው መጠን ይቀንሳል። አንድ ሰዓት ያህል ማቆየት ይጠቅማል። የወር አበባ የሚበዛባቸው እህቶች ይህን በተለይ ያስቡበት።

ስለ ቢ12 አንድ ደስ የሚል ነገር አለ። እስራኤል ውስጥ ተሠርቶ በ2009 የታተመ ጥናት 58 ሰዎችን ለ6 ወር ተከታትሏል። ግማሾቹ በየማታው 1000 ማይክሮ ግራም ቢ12 ምላስ ሥር ያደርጉ ነበር። በመጨረሻው ወር ቢ12 ከወሰዱት 74 በመቶዎቹ ምንም ቁስለት አልነበራቸውም፤ ካልወሰዱት ግን 32 በመቶ ብቻ። ጥቅሙ ደግሞ ቢ12 በጎደላቸው ላይ ብቻ አልነበረም። ጥናቱ ትንሽ ነው። ግን ከሐኪም ጋር ለመነጋገር በቂ ምክንያት ነው።

የጥርስ ሳሙናችሁን ማሸጊያ አዙራችሁ አንብቡ። ሶዲየም ላውሪል ሰልፌት የሚል ካለበት የሌለበትን ለሁለት ሦስት ወር ሞክሩ። አረፋ የሚያወጣው ነገር ነው፤ በአንዳንድ ሰው የአፍን ሽፋን ያሳሳል። ለሁሉም አይሠራም። ለእኔ ግን ልዩነቱ በግልጽ ታይቶኛል፣ ሳሙናው ደግሞ ያው የሚገዛ ነገር ነው፣ ተጨማሪ ወጪ የለውም።

ቁስል የሚያስጀምሩም አሉ፤ ጉንጭን መንከስ፣ ጠንካራ ቡሩሽ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ትኩስ ነገር። ድካምና ጭንቀት እንዲሁ፤ የፈተና ሰሞን የሚወጣባቸው ተማሪዎች ብዙ ናቸው። ሲጋራ ሲያቆሙ ቁስለት የሚበዛባቸውም አሉ፤ ያልፋል፣ ለዚያ ብላችሁ ወደ ሲጋራ አትመለሱ። ኢቡፕሮፌን፣ ሜቶትሬክሴት፣ ለልብ የሚሰጠው ኒኮራንዲል፣ እነዚህም ቁስለት ሊያመጡ ይችላሉ። አዲስ መድኃኒት ከጀመራችሁ በኋላ ከመጣ ለሐኪሙ ንገሩት፣ ራሳችሁ አታቋርጡ።

ታዲያ የቱን ልግዛ?

አንድ ሁለት ትንሽ ቁስል፣ ጣት የሚደርስበት፣ ገና የጀመረ ከሆነ፣ የሚለጠፈው ቅባት። ጥርጥር የለኝም።

ቁስሉ ካረጀና ሊድን ከተቃረበ ቅባቱን አትግዙ። ጨውና ማደንዘዣ ጄል ይበቃችኋል፤ ገንዘባችሁን ለሚቀጥለው አስቀምጡ።

ምግብ መብላት አቅቷችሁ ከሆነ ሁለቱን ማጣመር ይቻላል። ከምግብ በፊት ማደንዘዣ፣ ማታ ቅባት። በአንድ ጊዜ አንዱን በአንዱ ላይ አትደርቡ፤ ጄሉ እርጥብ ስለሆነ ቅባቱ አይጣበቅም።

ብዙ ቦታ ከወጣ መጉመጥመጫ። በዓመት ከሦስት አራት ጊዜ በላይ የሚመላለስ ከሆነ ደግሞ፣ አቅም ለአንድ ነገር ብቻ ከበቃ፣ እኔ ከቅባቱ በፊት የደም ምርመራውን አስቀድማለሁ። ቅባቱ የዚህን ሳምንት ቁስል ነው የሚያክመው።

ለትንሽ ልጅ ከራሳችሁ መሳቢያ ምንም አታውጡ። ቀዝቃዛ እርጎ፣ ለስላሳ ገንፎ፣ በቂ ውሃ፣ ለሕመሙ በክብደቱ ልክ የተሰጠ ፓራሲታሞል፤ ከዚያ የሕፃናት ሐኪም።

ቅባቱን አስቀምጣችሁ የምትነሱበት ጊዜ

ከ3 ሳምንት በላይ ያልዳነ ማንኛውም የአፍ ቁስል መታየት አለበት። ሕመም የሌለው፣ ጠርዙ የጠነከረ፣ የሚደማ ከሆነ ሦስት ሳምንቱንም አትጠብቁ። ትንባሆ፣ ጫትና መጠጥ ለሚያዘወትሩ ይህ በተለይ ይመለከታል። አንገት ላይ የማይጠፋ ንፍፊት ካለም እንዲሁ። የአፍ ካንሰር በጊዜ ሲገኝና ዘግይቶ ሲገኝ ልዩነቱ ሰፊ ነው። በላዩ ላይ ስቴሮይድ እየለጠፉ ወር ማሳለፍ ያንን ጊዜ ይበላል።

ከአፍ ቁስለቱ ጋር ብልት አካባቢም ቁስል የሚወጣ ከሆነ፣ ወይም ዓይን የሚቀላና የሚደበዝዝ ከሆነ ቤሼት የሚባል በሽታ ሊሆን ይችላል። ማፈር አያስፈልግም፣ ሁለቱንም ለሐኪሙ አንድ ላይ ንገሩት፤ ተለያይተው ከተነገሩ አይገጣጠሙም። የማያቋርጥ ተቅማጥ፣ የሆድ ሕመምና ክብደት መቀነስ ካለ የአንጀት ሕመም ይታሰባል። ትልልቅ ቁስሎች በድንገት መብዛት ከጀመሩና ትኩሳት ካለ የኤችአይቪ ምርመራም አብሮ ቢደረግ መልካም ነው።

ስትሄዱ ቁስሉ የወጣበትን ቀን፣ ቦታውንና ስንት ቀን እንደቆየ የጻፋችሁበትን ወረቀት ያዙ። ስልካችሁ ላይ ፎቶም አንሱ፣ ከጎኑ ሳንቲም ወይም ማስመሪያ አድርጋችሁ። ቀጠሮው ሲደርስ ቁስሉ የሚድንበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ሐኪሙ ያላየውን ከፎቶው ያያል።